ከቶም ብሬዲ በፊት የተጠሩት

የአክስቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ነሐሴ የትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ተጫዋቾቹን ሲመርጥ የእሱ ስም ዝርዝሩ ላይ አልወጣም። አክስቴ ደወለችልኝ፤ «እስቲ አንተ አናግርልኝ፣ እኔ የምለውን አይሰማም» አለች። ሄድኩ። ምን እንደምለው መንገድ ላይ አስቤ ጨርሼ ነበር፦ ቶም ብሬዲም እኮ 199ኛ ነበር።

ነገርኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «አውቃለሁ» አለኝ። ትንሽ ቆየና «ሌሎቹስ?» አለ።

«የትኞቹ?»

«አብረውት የነበሩት። እነሱ ምን ሆኑ?»

መልስ አልነበረኝም። ስንት ዓመት ስለ ብሬዲ ሳወራ፣ ስለነሱ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ኢኤስፒኤን በ2011 ያሳየውን «ዘ ብሬዲ ሲክስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም እንደገና ከፈትኩት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ድራፍት ሲባል መጀመሪያ ቢራው ትዝ ለሚላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ቡድኖች በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች ተራ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት የተሸነፈው ቀድሞ ይመርጣል፣ ያሸነፈው መጨረሻ። ዛሬ ሰባት ዙር አለው። ልጁ የሚሠራበትን ቡድን አይመርጥም፤ ቡድኑ ነው የሚመርጠው። ይህ ነገር የተጀመረው በ1936 ፊላዴልፊያ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ተመራጭ ጄይ በርዋንገር ደግሞ በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ቁጥሩ ገና ከመነሻው ቃሉን አልጠበቀም ማለት ነው።

በ2000 የተመረጡት 254 ነበሩ። ብሬዲ በስድስተኛው ዙር፣ 199ኛ ሆኖ በኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ተወሰደ። በሱ ቦታ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ቡድኑን በሚመራው በኳርተርባክ ቦታ፣ ከሱ በፊት ስድስት ልጆች ተጠርተዋል። ቻድ ፔኒንግተን 18ኛ። ጆቫኒ ካርማዚ 65ኛ። ክሪስ ሬድማን 75ኛ። ቲ ማርቲን 163ኛ። ማርክ ቡልገር 168ኛ። ስፐርገን ዊን 183ኛ። ፊልሙ ስሙን ያገኘው ከነዚህ ነው።

እስቲ ርዕሱን ብቻ እንየው። ስድስት ሰዎች አሉ፣ በርዕሱ ላይ ያለው ግን የሰባተኛው ስም ነው። እነሱ «የብሬዲ ስድስት» ናቸው፤ ንብረቱ ይመስል። አንድ ሰው ካንተ በኋላ ተጠርቶ ካንተ በላይ ስለሆነ፣ የራስህ ዕድሜ የሱ ታሪክ የግርጌ ማስታወሻ ይሆናል። መጀመሪያ ሳየው ይህን ልብ አላልኩም ነበር። ለምን እንዳላልኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ፊልሙን ታዋቂ ያደረገው ብሬዲ የሚያለቅስበት ቦታ ነው። በዚያን ጊዜ ሦስት ሱፐር ቦውል የበላ፣ ሀብታም፣ መልከ መልካም ሰው ነው፤ ስሙ ሳይጠራ የዋለበትን ቀን ሲያስታውስና ወላጆቹ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቆረጣል። እውነተኛ እንባ ነው፤ እኔ በበኩሌ አልጠራጠረውም። የሳን ማቴዮ ልጅ ነው፣ ፎርቲ ናይነርስን ሲደግፍ ያደገ፤ በአራት ዓመቱ ስታዲየም ገብቶ አይቷቸዋል። ያ የልጅነት ቡድኑ ኳርተርባክ ፈልጎ ካርማዚን ወሰደ። ይህ የማያም ካለ አንጀቱ ድንጋይ ነው።

ግን ታሪኩ በየቦታው ሲተረክ ይህ እንባ ሌላ ሥራ ይሠራል፦ ብሬዲን ማንም የማያውቀው ምስኪን ያደርገዋል። ቁምጣ ለብሶ ራቁት ደረቱን የቆመባትን ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። 40 ያርዱን በ5.28 ሰከንድ ነው የሮጠው፤ ለስፖርተኛ ቀርፋፋ ነው። እሺ። ግን ይኸው «ምስኪን» በሚይዘው የተመልካች ብዛት በአሜሪካ ትልቁ ስታዲየም ያለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አምበል ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር ኦሬንጅ ቦውል ላይ አላባማን ከኋላ ተነስተው 35 ለ34 ሲያሸንፉ አራት ታችዳውን ወርውሯል። ተራኪዎቹ ይህን የሚዘሉት ውሸታም ስለሆኑ አይመስለኝም። ከታች የመጣ ጀግና ይበልጥ ስለሚጣፍጥ ነው።

ሌላም የሚዘለል ሰው አለ። ዲክ ሬህባይን የፓትሪዮትስ የኳርተርባኮች አሠልጣኝ ነበር፤ ሄዶ አይቶት፣ ይሄን ልጅ እንውሰደው ብሎ የተሟገተው እሱ ነው። ነሐሴ 2001 በልብ ሕመም ሞተ፤ ገና 45 ዓመቱ ነበር። ብሬዲ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲጀምር አላየውም። ለአንድ ልጅ ከሁሉም በፊት ያመነበትን ሰው ከታሪኩ አውጥታችሁ «ማንም አላመነበትም ነበር» ስትሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ማሳመር ሳይሆን ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብሬዲ በመጀመሪያው ዓመቱ ሦስት ኳስ ወረወረ፣ አንዱ ተያዘለት። ከፊቱ ድሩ ብሌድሶ ነበር፤ በ1993 ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠ፣ መጋቢት 2001 ላይ ለአሥር ዓመት የ103 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ ሰው። መስከረም 23 ቀን 2001 ሞ ሉዊስ የሚባል የጄትስ ተከላካይ መስመሩ ዳር መታው። ደረቱ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር፤ ሆስፒታል ሲደርስ ነገሩ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ሆኖ ተገኘ። ብሬዲ የገባው በዚያ በር ነው። ብሌድሶ ሲድን ቦታው የለም። የሚገርመው ግን ከሱፐር ቦውል በፊት በነበረው ጨዋታ ፒትስበርግ ላይ ብሬዲ ተጎድቶ ወጣ፤ ብሌድሶ ገብቶ ታችዳውን ወረወረ፣ ቡድኑን አሻገረ። በሳምንቱ ሱፐር ቦውሉን የጀመረው ግን ብሬዲ ነው። በቀጣዩ ጸደይ ብሌድሶ ወደ ቡፋሎ ተሸጠ። እኔ ፊልም ሠሪ ብሆን የምሠራው የዚህን ሰው ነበር።

በዚያ ሱፐር ቦውል የተሸነፈው የሴንት ሉዊስ ራምስ ኳርተርባክ ከርት ዋርነር ነው፤ ጭራሽ ያልተመረጠ፣ አዮዋ ውስጥ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ዕቃ ይደረድር የነበረ። እሱ በ1999 ቦታውን ያገኘው የትሬንት ግሪን ጉልበት ስለተበጠሰ ነው። ከዓመታት በኋላ ዋርነር ጣቱን ሲሰበር በተራው የገባው ማን ይመስላችኋል? ማርክ ቡልገር፤ ከስድስቱ አንዱ፣ መጀመሪያ የመረጠው ቡድን ያባረረው። ሁለት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ሰንሰለቱን አያችሁት? የአንዱ ጉልበት፣ የሌላው ጣት፣ የሌላው ደረት። ብሮክ ፐርዲም እንዲሁ ነው፦ በ2022 ከ262 ሰው 262ኛ። ፎርቲ ናይነርስ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከፍለው ያመጡት ትሬይ ላንስ ተሰበረ፤ ቀጥሎ የጂሚ ጋሮፖሎ እግር ተሰበረ፤ ፐርዲ ገባ። ጥር ላይ የራሱ ክርን ተበጠሰ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን ሱፐር ቦውል ሲያደርስ ደመወዙ 870,000 ዶላር ነበር፤ በሱ ቦታ ያሉ ታላላቆች በአሥር ሚሊዮኖች ሲያገኙ። መጨረሻ ላይ የተገኘ ኮከብ ለቡድኑ በጣም ርካሽ ዕቃ ነው፤ ተረቱን ባለቤቶቹም የሚወዱት በከንቱ አይደለም።

ዕድል ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። በሩን የከፈተው የሌላ ሰው ሥጋ ቢሆንም፣ ገብቶ ሃያ ዓመት ሳይወጣ መቆየት፣ ሰባት ሱፐር ቦውል መብላት የብሬዲ ነው። ቴሬል ዴቪስን ተመልከቱ። በ1995 በስድስተኛው ዙር 196ኛ ተመርጦ ዴንቨር ሲገባ፣ ኳስ ይዘው ከሚሮጡት መጨረሻ ላይ ነበር። ቶኪዮ ላይ በተደረገ የዝግጅት ጨዋታ የተቃራኒውን ሯጭ ሮጦ ዘጭ አደረገው፤ አሠልጣኞቹ ያን ጊዜ አዩት። ልብ በሉ፣ የሱ ሥራ መሮጥ እንጂ መጣል አይደለም። በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ፣ ሁለት ሱፐር ቦውል በላ። ከዚያ ጉልበቱ አለቀ፤ ሁሉም ነገር በሰባት የውድድር ዓመት። ዴቪስ ያንን ሰው ለመጣል ያወጣው ጉልበት የራሱ ነው። ያንን ኳስ ግን ሌላ ሰው ቢደርስበት ኖሮ? ታሪኩ ሁለቱንም ጥያቄ አብሮ መያዝ ሲችል ነው ለኔ ታሪክ የሚሆነው።

ቃል ገብቼ ነበርና ልናገር። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ለሁለት ዓመት የተመኘሁትን ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ለሦስተኛ ጊዜ «አላለፍክም» ባለኝ ሰሞን ነው። ሌሊት አልጋ ላይ፣ በስልክ። የብሬዲን እንባ ደጋግሜ አየሁት። ያን ጊዜ ተስፋ የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው የሰጠኝ ሌላ ነገር ነው። ያ የመለመኝ ሰውዬ አንድ ቀን ስሜን ጋዜጣ ላይ አይቶ ጣቱን ሲነክስ ነበር የምስለው። ስለ ሥራው ማሰብ ትቼ ስለ ሰውዬው ማሰብ ጀመርኩ። ከኔ ይልቅ ያለፉት ልጆችም በሐሳቤ ውስጥ ይወድቁ ነበር፤ መውደቅ አለባቸው፣ አለዚያ የኔ ታሪክ አይሠራም። ስድስቱ ሰዎች በርዕሱ ውስጥ ስም የለሽ መሆናቸውን ያላየሁት ለዚህ ነው። አያስፈልጉኝም ነበር፤ ከተሸናፊነታቸው በስተቀር።

በሚቀጥለው እሑድ አክስቴ ጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ ፊልሙን ከልጁ ጋር አየነው። ፔኒንግተን ትከሻው ስንት ጊዜ ተቀዶ ተመልሶ እንደተጫወተ፣ በ2008 ብሬዲ ተጎድቶ በወጣበት ዓመት ማያሚን ይዞ ምድቡን እንደበላ ነገርኩት። ሬድማን ከሊጉ ወጥቶ አትላንታ ይዞ እንደተመለሰ። ዊን በሊጉ ሦስት ጨዋታ ብቻ እንደጀመረ። ቲ ማርቲን በዩኒቨርሲቲ የፔይተን ማኒንግን ቦታ ተረክቦ ለቴነሲ ዋንጫ እንዳመጣ፣ ሊጉ ውስጥ ግን 16 ኳስ ብቻ እንደወረወረ፣ በኋላ ባልቲሞር ሄዶ የኳርተርባኮች አሠልጣኝ እንደሆነ።

«የላማር ጃክሰን አሠልጣኝ?» አለ፤ ስልኩን አስቀመጠ።

ካርማዚ ጋ ስንደርስ ሳቀ። አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት ወጥቶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዮጋና እርሻ ላይ ነው፤ ፍየሎችም አሉት ተብሎ ተጽፎለታል። ብሬዲን «ጎት» ይሉታል፣ የዘመናት ሁሉ ታላቅ ለማለት፤ ቃሉ ሲነበብ ደግሞ ፍየል ነው። በዚህ ያልቀለደ የለም። ልጁም ቀለደ። ከዚያ «ደስተኛ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እሱን እንኳ ፊልም አይነግርህም አልኩት። ስለ ማይክ ግሪን ነገርኩት፦ በዚያው በ2000 ከሁሉም መጨረሻ፣ 254ኛ የተመረጠ፤ ለቺካጎ ቤርስ የኋላ መስመር ቋሚ ተሰላፊ እስከመሆን የደረሰ። ፊልም አልተሠራለትም።

«ስንት ዋንጫ አለው?»

«ምንም።»

ትንሽ አሰበ። «ግን ተጫውቷል» አለ። አክስቴ ከኩሽና «ኑ እንጂ፣ እንጀራው ደረቀ» ብላ ስትጠራን ፊልሙን ሳንጨርሰው ተነሳን።