«እሺ» ካላሉት የማይነሳ ጭነት

ከባዝል ስምምነት አንቀጾች ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ስድስተኛው ነው። አደገኛ ቆሻሻ ወደ ሌላ አገር ለመላክ የፈለገ መንግሥት ምን እንደሚልክ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ተቀባዩ በጽሑፍ «እሺ» እስኪል ድረስ ጭነቱ አይነሳም። ዝም ቢል እንደፈቀደ አይቆጠርም። ቢሮክራሲ እንዲህ ሲያምር አይቼ አላውቅም።

የዚህን ወረቀት ዋጋ የናይጄሪያዋ ኮኮ ከተማ ታውቀዋለች። ከጣሊያን የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የመርዝ በርሜሎች በአንድ ነዋሪ ግቢ ተከማችተው ነበር፤ ባለግቢው በወር መቶ ዶላር ገደማ ኪራይ ይከፈለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ጉዱ ሲወጣ ናይጄሪያ ጣሊያንን አፋጠጠች። ቆሻሻውን ጭና የተመለሰችውን «ካሪን ቢ» የተባለች መርከብ ግን የአውሮፓ ወደቦች ተራ በተራ አላስጠጋም አሏት። ለካ ቅርብ ሲመጣ ያስፈራል! በዓመቱ ስምምነቱ ጸደቀ፤ ላኪው አገር ሕገወጥ ጭነቱን መልሶ እንዲወስድም ግዴታ ጣለበት።

አሜሪካ እስካሁን አላጸደቀችውም፤ ኮንትሮባንዱም አልጠፋም። ያም ሆኖ ከ2021 ወዲህ የተበከለ ፕላስቲክ፣ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በአባል አገሮች መካከል ያለዚያች «እሺ» ድንበር አይሻገርም።