መምህርና ደቀ መዝሙር በዕውቀት ታሪክ

ሰው ርስት ሲወርስ ከማን እንደ ወረሰ ለይቶ ይናገራል፤ አባቱን፣ አያቱንና ቅድመ አያቱን ይቈጥራል። ዕውቀትን ሲወርስ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ቈጠራ ይረሳል። ርስት በዳኛ ፊት ክርክር ስለሚያስነሣ የአባት ስም የግድ ያስፈልጋል፤ ዕውቀት ግን ሰጪው ካለፈ በኋላ ስለ እርሱ የሚሟገት አይገኝም። እንግዲህ የዕውቀትን ታሪክ የሚመረምር ሰው የዳኛውን ቦታ ይዞአልና ፍርዱ ሲያደላ ዝም ልንለው አይገባም።

ስለ ኢትዮጵያ በውጭ አገር የተጻፉትን መጻሕፍት የሚገልጥ ሰው፥ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ «የኢትዮጵያ ጥናት አባት» መባሉን ደጋግሞ ያገኛል። ሉዶልፍ በ1624 ዓ.ም. በኤርፉርት ተወልዶ በ1704 በፍራንክፈርት የሞተ ሰው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በ1661 የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሞአል። ትጋቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ይህን የሚክድ ቢኖር ፍርደ ገምድል ይባላል።

ነገር ግን አባት የተባለው ሰው ራሱ አባት አልነበረውምን? ሉዶልፍ በ1649 ወደ ሮማ የሄደው ለስዊድን መንግሥት የሚፈለጉ ጽሑፎችን ፍለጋ ነበር። ጽሑፎቹን አላገኘም፤ ነገር ግን በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የኢትዮጵያ መነኮሳት በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ከአማራው መካነ ሥላሴ የመጡትን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ከዚያ በፊት ግዕዝን ከጥቂት መጻሕፍት ለብቻው ጀምሮት ነበር። ይሁን እንጂ የታተመን ገጽ መግለጥና ሕያው ሊቅን መጠየቅ አንድ አይደለም። በ1652 የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ ጠራቸው፤ በፍሪደንሽታይን ግንብ ውስጥ መምህርና ደቀ መዝሙር ተቀምጠው ስለ ቋንቋው፣ ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ ልማድ ሲጠያየቁ ከረሙ። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ የተሳፈሩባት መርከብ በእስክንድሮን ጠረፍ አጠገብ ሰጠመችና በዚያው ሞቱ። የአማርኛው ሰዋስው ታትሞ የወጣው እርሳቸው ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በቦታው ማኖር ይገባል። ሉዶልፍ መምህሩን አልደበቀም፤ በመጽሐፉ ውስጥ በስም ጠርቶአቸዋል፣ በ1691 ባሳተመው ሐተታም ሥዕላቸውን አስገብቶአል። የረሷቸው በኋላ የመጡት ናቸው። እነዚህ ጸሓፊዎች አባ ጎርጎርዮስን «መረጃ ሰጪ» በሚል ቃል አሳነሷቸው። መረጃ ሰጪ ማለት እንደ ጕድጓድ ነው፤ ውሃው ይቀዳል፣ ጕድጓዱን ግን የሚያመሰግነው የለም። የቃልን ፍቺ መስጠት ግን ውሃ እንደ መቅዳት አይደለም፤ መምረጥ፣ ማመዛዘንና መፍረድ ነው። ይህንንም የሚያደርግ ሰው ስሙ መምህር ነው።

«መጽሐፍ አልጻፉምና እንዴት መሥራች ይባላሉ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ የመጽሐፍን ሽፋን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ክርክር ነው። በአገራችን የቅኔ ጉባኤ ብዙ መምህር አንድ መጽሐፍ ሳይጽፍ ያልፋል፤ ደቀ መዝሙሩ ግን የማን ተማሪ እንደ ሆነ ሲጠየቅ የመምህሩን ስም ሳይናገር አይቀርም። ደግሞም የሉዶልፍ ዘመን የነገሩ መጀመሪያ አልነበረም። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 በሮማ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ያሳተመው ከኢትዮጵያ መነኮሳት ተምሮ ነው። በ1548 እና በ1549 በዚያችው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው፤ በ1552 የግዕዝ ሰዋስው ያወጣው ማርያኖ ቪቶሪም የእርሳቸው ተማሪ ነበር። እንግዲህ አባት የተባለው ሰው ከመቶ ዓመት የሚበልጥ የትውልድ ሐረግ ከኋላው ነበረው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከአንዱ ስሕተት ሸሽተን በሌላው ላይ አንውደቅ። አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ተቈጥቶ ሉዶልፍን ሌባ ይለዋል። ይህም እውነት አይደለም። ደቀ መዝሙሩ በትዕግሥት ባይጽፈው ኖሮ የመምህሩ ትምህርት አብሮአቸው በባሕር በሰጠመ ነበር። አንዱ ባያስተምር ሌላው የሚጽፈው ባነሰው፤ አንዱ ባይጽፍ ሌላው ያስተማረው ለእኛ ባልደረሰ። በቅርብ ዘመን የተነሡ ተመራማሪዎች የሁለቱን ስም ጎን ለጎን ማኖር መጀመራቸው ስለዚህ የሚመሰገን ነው።

ነቀፌታውም ወደ ባሕር ማዶ ብቻ የሚሄድ አይምሰለን። ዛሬ በራሳችን አገር ወደ ገጠር ወርዶ ከሽማግሌው ታሪኩን፣ ከመድኃኒት ዐዋቂው ሥሩንና ቅጠሉን፣ ከሸክላ ሠሪዋ ጥበቧን የሚጠይቅ ተማሪ አለ። ማዕርጉን ሲቀበል ስሙ በጉልህ ይጻፋል፤ ያስተማሩት ሰዎች ግን «አንድ አዛውንት እንደ ነገሩኝ» በሚል አንድ መስመር ይታለፋሉ። ስማቸው እንዲታወቅ የማይወዱ ቢኖሩ ፈቃዳቸው ይከበር፤ ሳይጠየቁ ስማቸው የተተወባቸው ግን ተበድለዋል። አባ ጎርጎርዮስ ተዘነጉ ብሎ የሚያዝን ሰው አስቀድሞ የራሱን ጽሑፍ ይመርምር። የመምህርን ስም መጻፍ ከተማሪው ክብር ምንም አይቀንስም፤ ይልቁንም የተማረው ከማን እንደ ሆነ የሚናገር ሰው ቃሉ ይታመናል፤ አንባቢም ምንጩን አውቆ እውነቱን ሊመረምር ይችላል።