ጁራሲክ ፓርክን በሚዛን ዝናብ እዩት!

ይህን ፊልም አይተነዋል የምትሉ ሁሉ እስቲ አንዴ ስሙኝ! ሐምሌ ላይ፣ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ዶፉ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አግዳሚ ላይ ከሰው ጋር ተጣብቃችሁ አይታችሁታል? ካላያችሁት አላያችሁትም በቃ!

ስቲቨን ስፒልበርግ ጁራሲክ ፓርክን ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የለቀቀው በእኛ ሰኔ 4 ቀን 1985 ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሕዝቡ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚተምበት ወቅት ነው። እዚህ ቦት ጫማ ይወጣል። ለፀሐይ ሰሞን ታስቦ የተሠራ ፊልም ግን እንዲህ ለክረምት ሲስማማ አይቼ አላውቅም።

የምለው ያ ቲሬክስ የተባለው ግዙፍ ዳይኖሰር አጥሩን ጥሶ ስለሚወጣበት ሌሊት ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ምን ሲሆን ነው? መብራት ሲጠፋ! አንድ ሆዳም ሠራተኛ የዳይኖሰሮቹን ሽሎች ሰርቆ ለመውጣት የፓርኩን ሲስተም ይዘጋል፣ መኪኖቹ መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ የኤሌክትሪክ አጥሩ ተራ ሽቦ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለሚዛን ተመልካች ለማስረዳት ተርጓሚ አያስፈልግም። ከኋላዬ አንዱ «ይሄ ሁሉ ሀብት እያላቸው ጀነሬተር የላቸውም እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ በብርጭቆ ያለው ውሃ በስሱ ተርገበገበ። ሳቁ ቀጥ አለ። (ያን መርገብገብ የፈጠሩት ከዳሽቦርዱ ሥር የጊታር ክር ወጥረው በመምታት ነው። የጊታር ክር! የሚሊዮን ዶላሮች ፊልም!)

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ጆን ዊሊያምስ ያን የመሰለ ሙዚቃ የደረሰለት ፊልም እዚህ ቦታ ሲደርስ ሙዚቃውን ጭራሽ ያጠፋዋል። የሚሰማው ዝናብና ኮቴ ብቻ ነው። የፊልሙ ዝናብና የሚዛን ዝናብ ተቀላቀሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። የፍየሏ እግር መኪናው ጣራ ላይ ዱብ ሲል የእኛም ቆርቆሮ የተመታ መስሎን ቀና ያላልን የለም። የቲሬክሱ ጩኸት ሲመጣማ! የሕፃን ዝሆን፣ የነብርና የአዞ ድምፅ ተቀላቅሎ የተሠራ ጩኸት ነው፤ ሆድ ዕቃ ድረስ ይወርዳል።

ፊልሙ 127 ደቂቃ ነው፤ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት ግን 15 ደቂቃ ገደማ። ከዚያም ውስጥ በኮምፒዩተር የተሠራው ግማሹን አይሞላም። የቀረው ሁሉ መጠበቅ ነው፦ የሚወዛወዝ ቅጠል፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ የሚያይ ሰው። በጫካ ዳር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ አውሬ መጀመሪያ ይሰማል፣ ቆይቶ ነው የሚታየው። ዛሬ በየዓመቱ የሚለቀቁት የጭራቅ ፊልሞች በአምስተኛው ደቂቃ ሁሉን ዘርግፈው፣ ቀሪውን ሁለት ሰዓት ያንኑ ሲደጋግሙ ያስዛጉኛል።

የፊልሙ ዝናብም ለሠሪዎቹ ቀላል አልነበረም። የልዩ ውጤት ባለሙያው የስታን ዊንስተን ሰዎች የሠሩት ግዙፍ የቲሬክስ ሮቦት የስፖንጅ ቆዳው በሰው ሠራሽ ዝናብ ውሃ እየጠጣ ይከብደውና ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በየመሀሉ በፎጣ ያደርቁታል። ሃዋይ ላይ ሲቀርጹ ደግሞ እ.ኤ.አ. መስከረም 1992 ኢኒኪ የተባለው አውሎ ነፋስ ደረሰባቸው፤ ስፒልበርግ ማዕበሉን አስቀርጾ ፊልሙ ውስጥ ከተተው!

በማግስቱ ወደ ቴፒ ስትወጡ ደግሞ ፊልሙ አያልቅም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጫካ፣ ከጫካው ጥላ ሥር ቡና፣ ጉም፣ እንደገና ጫካ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በመዘገበው የሸካ ጫካ አካባቢ ዛፍ የሚያህሉ ፈርኖች ይበቅላሉ፤ ወገናቸው ዳይኖሰር ምድርን ሲረግጥ የነበረ ነው። ታሪኩ የተፈጸመባት የፈጠራ ደሴት የምትገኘው ኮስታ ሪካ አጠገብ መሆኑስ? ከዚሁ ከሚዛን ብዙም ከማይርቀው ከጌሻ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተለቀመው የቡና ዘር በታንዛኒያ በኩል ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1953 የገባው እዚያው ኮስታ ሪካ ነው፤ ኋላ ፓናማ ላይ ስሙ ገነነ። ስለዚህ ያ የፊልሙ ጫካ ለእኛ ባዳ አይደለም ብል ማን ይከራከረኛል?

ሁለቱ ሕፃናት ኩሽና ውስጥ ራፕተር ከተባሉት ዳይኖሰሮች የሚደበቁበትን ትዕይንት አልነግራችሁም። ጥፍሩ ወለሉን ቋ፣ ቋ ሲያደርግ አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት «በስመ አብ!» ብለው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፊልም!

ሂዱ። ክረምቱ ሳይወጣ ሂዱ። ጥሩ ስፒከር ያለበት ቤት ፈልጉ፣ ከፊት ተቀመጡ፣ ዝናቡ ሲበረታ ድምፁን ጨምሩልን በሉ። ሁለተኛውን ክፍል እንዲያስከትሉላችሁ ብቻ አትፍቀዱ፤ እሱ ሌላ ጭቅጭቅ ነው።