የዘወትር መንገደኛ ምስጋና

አውሮፕላን አዘውትሮ የሚሳፈር ሰው ማማረር ይቀናዋል፤ ሰልፉ ረዘመ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ፣ የክብር ማረፊያው ሞላ ይላል። እኔ ግን ማመስገን ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ነገሩም ከጨዋነት ይልቅ የስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የስቴፋን ጎስሊንግና የአንድሪያስ ሁምፔ ጥናት እንደገመተው፣ በ2018 አውሮፕላን የተሳፈረው ከዓለም ሕዝብ 11 በመቶ ያህሉ ነበር፤ ድንበር ተሻግሮ የበረው ደግሞ ቢበዛ 4 በመቶ። የአየር መንገድ የዘወትር መንገደኛ የወርቅ ካርድ ያዡ እንግዲህ ከጥቂቶችም ጥቂት ነው። የሚደረግለትንም ማሰብ ነው፦ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ እሱ የሚተነፍሰው አየር ከአዲስ አበባው እምብዛም አይሳሳም (የደጋ ሰው ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል)።

«ከፍዬበታለሁ፤ የምን ምስጋና?» የሚል አይጠፋም። ክፍያው መቀመጫውን ይገዛል፤ ቪዛ የማያስለምን ፓስፖርት ወይም የቲኬቱን ዋጋ የሚችል መሥሪያ ቤት ግን አይገዛም። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ለዓመት ፈቃድ የምትመጣ እህትም ከፍላለች፤ ለእሷ ግን ቲኬቱ በስንት ድካም የተጠራቀመ ደመወዝ ነው። ምስጋና ቅሬታን ያፍናል የሚለው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል። በረራው ተሰርዞበት ያለ ማብራሪያ ያደረ መንገደኛ መብቱን መጠየቅ አለበት፤ ይህን የሚከለክል ምስጋና የለም። የሚያስቀረው ሌላውን ነው፤ ጭጋግ ላዘገየው በረራ መሳፈሪያ በር ላይ የቆመችውን ሠራተኛ መቆጣትን።