ሐኪሙ እውነቱን ይዞ ለምን ተሸነፈ?

ቴአትር ለጤና ትምህርት ይጠቅማል ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም መድረክ ላይ ወጥቶ ምክር ሲሰጥ ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ዝግጅት ልብስ የቀየረ ንግግር እንለዋለን። ምክንያታችንን ለማስረዳት የኖርዌዩ ደራሲ ሄንሪክ ኢብሰን በ1882 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «የሕዝብ ጠላት» የተባለ ተውኔት እንመልከት።

ዶክተር ስቶክማን ከተማው የሚኮራበት የመታጠቢያ ውሃ መበከሉን ይጠረጥራል። ናሙናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ልኮ ያስመረምራል፤ ጥርጣሬውም እውነት ሆኖ ይገኛል። ከንቲባው፣ የገዛ ወንድሙ፣ ጥገናው ብዙ ገንዘብ እንደሚፈጅና መታጠቢያው ቢያንስ ሁለት ዓመት እንደሚዘጋ በመንገር የጋዜጣውን ሰዎች ከጎኑ ያሰልፋል። በአራተኛው ገቢር ሐኪሙ ሕዝብ ሰብስቦ ስለ ውሃው ማስረዳቱን ይተውና ብዙኃኑን ይዘልፋል። ተሰብሳቢውም «የሕዝብ ጠላት» ብሎ ይወስንበታል።

ተውኔቱ የሚወደሰው ብቻውን ለእውነት በቆመው ሰው ነው፤ ውዳሴውም ይገባዋል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ውሃ የታመሙት ሰዎች ይወሳሉ እንጂ አንዳቸውም መድረክ ላይ ወጥተው አይናገሩም።

ይህ ጉድለት ለእኛ ማኅበረሰብ እንግዳ አይደለም። በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የገቡ ዖሊም የለገሱት ደም ሳያውቁት ይጣል እንደነበር በጋዜጣ ሲገለጥ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፉ። የተሰጠው ምክንያት ኤችአይቪን መከላከል ነበር። ክንዱን ለመርፌ የሰጠው ሰው ግን ምንም አልተነገረውም፤ ቁስሉን ያጠለቀው ይህ ነው።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በ1970ዎቹ ያዳበረው የቴአትር ዘዴ ለዚህ መልስ አለው። ችግሩ ያለ መፍትሔ ይታያል። ጨዋታው ሲደገም ተመልካቹ «አቁሙ» ብሎ ይነሳል፣ በተዋናዩ ቦታ ገብቶም ሌላ መንገድ ይሞክራል።

አመጋገባችንና አኗኗራችን ስለተለወጠ በመካከላችን ስለበዛው የስኳር በሽታ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይዘጋጅ እንበል። አንዲት አያት በኩፓት ሆሊም ሐኪሙ ፊት ተቀምጠዋል። የሚያስተረጉምላቸው የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። ሐኪሙ ክኒኑን በየቀኑ እንዲውጡ አስረድቶ ይናገራል፤ ልጁ ግን ነገሩን ያሳጥረዋል። አያትየዋም ደህና በዋሉበት ቀን ክኒኑን ይተዉታል። ከተመልካቹ መካከል አንዲት እናት ተነሥተው በአያትየዋ ወንበር ተቀምጠው «ዶክተር፣ ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ?» ብለው ሲጠይቁ ትምህርቱ ይጀመራል። ስኳር ሳይሰማን ዓይንንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። ሌላው ተነሥቶ «አብሽ ይበቃል» ቢልም፣ እንደማይበቃ በአክብሮት የሚያስረዳ ባለሙያ በአዳራሹ መገኘት አለበት።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ሰው ግን በሽታውን የሚገልጠው ለሚሰማው ነው። ስለዚህ የጤና ቴአትር የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከጊዜያችሁ እኩሌታውን ለተመልካቹ እንድትተዉለት እናሳስባለን።