የባላገር ሴት በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»

የአራሽ ድካም ሲወሳ ሞፈር የጨበጠው ወንድ ይታወሳል፤ ያረመችው፥ ውሃ የቀዳችው፥ ፈጭታና ጋግራ ያበላችው ግን «ቤተ ሰብ» በሚለው ቃል ተጠቅልላ ትቀራለች። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ያዘጋጀው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው የሲኒማ ሥራ በዚህ ሚዛን ቢመዘን የሚመሰገንበትም የሚነቀፍበትም ይገኛል።

ፊልሙ የተነሣው በ1966 ዓ.ም. ክረምት፥ የዘውዱ መንግሥት ሊወድቅ በተቃረበበት ወራት፥ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ነው። በ1968 ዓ.ም. ለሕዝብ ታይቶ በስዊስ አገር በሎካርኖ ከተማ ተሸለመ። ንግግሩ አማርኛ፥ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፥ ርዝመቱም 150 ደቂቃ ያህል ነው። ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብ ኑሮ ነው፤ ባለ ርስቱ በወንበሩ ተቀምጦ ይቈጣል፥ እነርሱም ይደክማሉ።

የሚመሰገንበት አንደኛው ነገር አለመቸኰሉ ነው። የሴቶቹን ሥራ እንደ ጌጥ አሳይቶ አያልፍም፤ ተመልካቹ ድካሙን በዐይኑ እስኪለካው ድረስ ያቈየዋል። ሁለተኛውም የልጃገረዲቱ ሞት ነው። የባለ ርስቱን ከብት ስትጠብቅ ውላ፥ ላሚቱን ከደራሽ ውሃ አተርፋለሁ ስትል ወንዝ ይወስዳታል። የጭሰኛ ልጅ ነፍስ ከጌታው ላም ያነሰ ዋጋ እንደ ነበረው ከዚህ የበለጠ የሚናገር ስብከት የለም። በመካነ ኢየሱስና በመላው እስቴ የክረምትን ወንዝ የሚያውቅ እረኛ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ነገር ግን የፍርድ ቃል የተሰጠው ለማን ነው? ግፉን በአደባባይ የሚዘልፈው እንደ እብድ የሚቈጠረው ከበበ ነው፤ ባለ ርስቱን የሚገድለውም እርሱ ነው። ለወንዱ ንግግርና በቀል፥ ለልጃገረዲቱ ግን ድካምና ሞት ደረሳት። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት፥ ግፍን ሊያጋልጥ በተነሣው ሥራ ውስጥ ሳይታወቅ ገብቶ ተቀመጠ።

ምናልባት «ሲኒማው የነበረውን አሳየ እንጂ ምን አጠፋ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም የነበረው ዝምታ ብቻ አልነበረም። በለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወጣው ሴት ናት፤ ወንዱ በሹክሹክታ እንኳ የሚፈራውን በግጥም አስውባ በሕዝብ ፊት ታወጣዋለች። እንዲህ ያለ አንደበት ባለበት አገር የባላገሯን ሴት ከፍርድ ነገር ማራቅ እውነቱን ማጉደል ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ራሱ ለማረስ ለሚፈቅድ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። ከብዙ ዘመን በኋላም በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም መጻፍ ጀመረ። ኃይሌም ራሱ በ2000 ዓ.ም. በወጣው «ጤዛ» ለአንበርብር እናትና መንደሩ ላገለላት ለአዛኑ ሰፋ ያለ ስፍራ ሰጥቷል።

ስለዚህ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጉድለቱ ሳይሸሸግ ሊታይ የሚገባው ታላቅ ሥራ ነው። ስለ ልጃገረዲቱ የሚያለቅስ ተመልካች፥ በሕይወት ሳለች ምን ትል እንደ ነበር ለመስማት ጆሮውን ቢያዘነብል፥ ሲኒማው የጀመረውን ፍርድ እርሱ ይፈጽመዋል።