ስህተት የለመደ መስመር፣ ስህተት የማይችል ፋይል

ኩዌት ውስጥ ከመደበኛ ስልክ ወደ መደበኛ ስልክ መደወል በደቂቃ አያስከፍልም ነበር። ከሐወሊ ሰፈር ወደ ፈርዋኒያ ሰፈር መስመሩ ሩብ ሰዓት ሙሉ ቢያዝም ቆጣሪ አይሮጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ከዊንዶውስ 95 ጋር የመጣው የማይክሮሶፍት ፋክስ ለእንዲህ ያለ አገር የተሠራ ይመስላል፤ ፋክስ ሞደም ባላቸው ሁለት ኮምፒውተሮች መካከል፣ ያለ ኢንተርኔት፣ የሰነዱን ምስል ሳይሆን ፋይሉን ራሱን ያሻግር ነበር።

የሥራው ውበት ግን ከፕሮግራሙ ሥር፣ በፋክሱ ሥርዓት ውስጥ ነው። ደዋዩ በ1100 ኸርዝ አጭር ድምፅ እየደጋገመ ያንኳኳል፤ ተቀባዩ በ2100 ይመልሳል። ከዚያ ሁለቱ አቅማቸውን የሚነጋገሩት በሰከንድ 300 ቢት ብቻ ነው። በሰከንድ 14,400 ቢት መላክ የሚችል ሞደም ውል ላይ ሲደርስ እንዲህ የሚያዘግመው መስመሩ ቢንሿሿም ቃሉ እንዲሰማ ነው። ጭነቱ ከመሄዱ በፊት ለአንድ ሰከንድ ተኩል ዜሮ ብቻ ተልኮ መስመሩ ይፈተናል፤ ካልቻለ ፍጥነቱ አንድ ደረጃ ይወርዳል።

የወረቀት ፋክስ ላይ ጥቁር ጭረት ቢወጣ ዓይን ያልፈዋል። ፋይል ግን አንዲት ቢት ብትሳሳት ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ የስህተት ማረሚያው ጭነቱን በ256 ባይት ይቆራርጣል፤ በአንድ ዙር ቢበዛ 256 ቁራጭ ይሄዳል፤ ይህም አንድ ላይ 64 ኪሎባይት ይሆናል። ተቀባዩ አድምጦ ሲያበቃ የተበላሸ ቁራጭ ካለ 256 ቢት ያላት መልስ ይሰጣል፤ ለየቁራጩ አንዲት ቢት፦ ደህና ለደረሰው 0፣ ለተበላሸው 1። ላኪው 1 የተባሉትን ብቻ ይደግማል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ትርፍ ቃል የለበትም። በዚህ አኳኋን የአንድ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ዲስክ ይዘት፣ መስመሩ ደህና ከሆነ፣ በሩብ ሰዓት ገደማ ይሻገራል።

ጥሪው ወደ አዲስ አበባ ሲሆን ግን ቆጣሪው ይሮጥ ነበር። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነውና ከዚያ በፊት ሰነድ በቶሎ ለመላክ ስልክን የሚያክል አልነበረም። አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረበት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የየሶፍትዌሩ ኮድ ይለያይ ስለነበር ፋይሉ ሳይጎድል ደርሶም፣ ተቀባዩ ያንኑ ፎንት ካልጫነ፣ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ምስል ግን ይነበብ ነበር። ማይክሮሶፍት ፋክስ ምርጫውን ለላኪው ትቶት ነበር፦ ፋይሉን ብቻ፤ ከተቻለ ፋይሉን፣ የወዲያኛው ማሽን ተራ የወረቀት ፋክስ ከሆነ ግን ምስሉን፤ ወይም ሁልጊዜ ምስሉን። ለአማርኛ ደብዳቤ የሚያስተማምነው የመጨረሻው ነበር።